እስቲ ፍረዱኝ፦ የታጠፈው ወይስ ቀጥ ያለው?

ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሜዳው ለብስክሌት ይመቻል። ጣጣውም እዚያው ነው። ባለፈው ዓይኔ እያየ አንዲት ፒካፕ ፍሬቻ ሳታሳይ ወደ ቀኝ እጥፍ! በቀኟ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው የጎረቤቴ ልጅ ተዘረረ፤ እግሩ ተሰበረ። ሾፌሩ «ከኋላ መጥቶ ገባብኝ» አለ። ሰዉም «ብስክሌተኛ መቼ ያያል!» ብሎ አገዘው። ያበገነኝ ይሄ ነው። ዞሮ ማየት ያለበት የሚታጠፈው አይደለም እንዴ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለመኪናው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚድነው ተጎጂው ራሱ በሙሉ ወይም በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ነው። «ገባብኝ» የምትለዋ ቃል ለዚህ ነው የምትወደደው!

ሽማግሌዎች በሦስት ሺህ ብር ሊያስታርቁ መጡ። እናቱ ሊፈርሙ ሲሉ፣ «እትዬ፣ የሐኪም ወረቀት ሳይወጣ ጣትዎን እንዳያሳርፉ» አልኳቸው።