የተተፋ ካንዴላ

አትላንታ አጠገብ ባለችው ታከር፣ ማውንቴን ኢንዱስትሪያል ቡልቫርድ አካባቢ በነበረች ጋራዥ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ሐበሻ የሚነዳው ታክሲ ሁሉ ክራውን ቪክቶሪያ ወይም ሊንከን ታውን ካር ይመስለኝ ነበር። የሁለቱም ኮፈን ሲከፈት ያው 4.6 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነው። ሹፌሩ ከኤርፖርት ሲመለስ፣ 285 አውራ ጎዳና ላይ ድንገት «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ መኪናው እንደ መትረየስ እየተንጣጣ ግቢያችን ይደርሳል። ጋሼ፣ አለቃችንን እንዲያ ነበር የምንላቸው፣ የቡና ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ «ተፋች!» ይላሉ። ኮፈኑን ስከፍት ካንዴላው የቀዳዳውን ጥርስ ግጦ ወጥቶ፣ ከነኮይሉ ተንጋዶ አገኘዋለሁ።

ሹፌሮቹ መጨረሻ ካንዴላ የቀየረላቸውን መካኒክ ይራገማሉ። አንዳንዴ እውነት አላቸው፤ በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላ ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዋናው ነገር ግን የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም መሆኑ፣ በቀድሞዎቹ ሞተሮችም ካንዴላውን የሚይዙት ጥርሶች አራት ያህል ብቻ መሆናቸው ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ የአጎቴ ላዳ ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሟት ነበር። ቴስታታው ተፈታ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ባለቶርኖው የነሐስ ቦኮላ ቀረጸለት፣ ለጓርኒሲዮኑ ደግሞ ሱማሌ ተራ ተወረደ። አጎቴም እስኪያልቅ በእግሩ ኳተነ። ጋሼ ቴስታታውን ሳይነኩ፣ በዚያው ከሰዓት ጨርሰው መኪናውን ሲያስነሱ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

አሠራራቸውን ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ፒስተኑን ወደ ታች ያወርዱታል። የጥርስ ማውጫውን ወገብ በግሪስ ይለቀልቁታል፤ ፍቅፋቂው ሲሊንደር ውስጥ ከመውደቅ ግሪሱ ላይ ይጣበቃል። ጥቂት ያዞራሉ፣ ያወጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። ችኩል ሹፌር አጠገባቸው ከቆመ ጭራሽ ዝግ ይላሉ። በመጨረሻ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው የብረት ቦኮላ ይገባል። ማስገቢያው መሣሪያ የቦኮላውን የታች ጥርሶች ወደ ውጭ ገፍቶ አሉሚኒየሙ ላይ ያስነክሳቸዋል።

ሄሊኮይል የሚባለውም ነበረን፤ የማይዝግ የብረት ሽቦ ጥቅል ነው። ከቀዳዳው ትንሽ ስለሚሰፋ ተጨምቆ ይገባና ወደ ስፋቱ ለመመለስ የሚገፋው ኃይሉ ይይዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች ላይ በሰፊው የሠራ ነው። ጋሼ ግን ለብሎን ቀዳዳ እንጂ ለካንዴላ አያምኑትም። «ካንዴላው ሲፈታ ተከትሎት ይወጣል» ባይ ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ይዘው መጡ። በርሜሉ ላይ ዒላማ ማያውን የምታስረው ብሎን ጥርሷ ተበልቷል፤ ያንን ሽቦ አስገቡልኝ ነው ጥያቄያቸው። ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በአባታቸው ውጅግራ ጠመንጃ ተኩስ የተማሩ። ጠመንጃውን ተቀብለው፣ አንድም ሞተር እንዲያ ሲያዩ አይቼ በማላውቀው ዓይን አገላበጡት። «በርሜሉ እዚህ ጋ ስስ ነው» አሏቸው። «ቀዳዳውን ካሰፋሁት የባሩዱን ግፊት የሚችለው ብረት ይሳሳል። ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ይውሰዱት።»

ሽማግሌው አመስግነው እጃቸውን ቢዘረጉም ጠመንጃው ቶሎ አልተመለሰላቸውም። ጋሼ ስለ ውጅግራ ማውራት ጀምረው ነበር፤ ሽማግሌውም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኮፈኑን ከፍቶ የሚጠብቀው ባለታክሲ ነው በመጨረሻ «ኧረ ጋሼ፣ የኔስ?» ያለው።