ጠመኔና ላምባ

ጥር 6 ቀን 2018

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ብየዳ ቤቶች በአንዱ የቦቴ ሆድ ሲፈተሽ እያየሁ አረፈድኩ። ሰፈሩ «ባሕረኛው» የሚላቸው ጎረቤቴ እዚያ ተቆጣጣሪ ናቸው። ምጽዋ በየካቲት 1982 እስክትያዝ ድረስ በባሕር ኃይል ጥገና ክፍል በያጅ ነበሩ። አፈታተሹ ቀላል ነው፤ የብየዳውን መስመር ከውጭ በኩል በውሃ በተበጠበጠ ጠመኔ ይቀቡታል፣ ሲደርቅ ከውስጥ ላምባ ያስነኩታል። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። ነጩ ላይ የወዛ ነጥብ ከታየ ብየዳው ተፍቆ እንደገና ይሠራል።

«ጋሼ፣ መርከብም የሚፈተሸው እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«እዚህ ይጀምራል። እዚህ ግን አያልቅም» አሉና የወዛውን ቦታ በጣታቸው ለበያጁ ልጅ አሳዩት።

እንጀራዬ የቴክኒክ ንድፍ ማስተማር ነውና ከዚህ መልስ በኋላ ዝም ብዬ ልለቃቸው አልቻልኩም።

ጥር 8

ማታ ቤታቸው ቡና ላይ ስለ «ኢትዮጵያ» አወሩኝ፤ ስለ መርከቧ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ነበረች። ስለ አዛዦቹና ስለ ሰልፉ ብዙ ሰምቻለሁ። የት እንደተሠራች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነው፤ ለባሕር አውሮፕላኖች ድጋፍ እንድትሰጥ ታስባ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ውሃ የወረደችው በዋሽንግተን ግዛት፣ ሌክ ዋሽንግተን ከሚባል ሐይቅ ዳር ካለ መርከብ መሥሪያ ነው። ከሐይቁ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቦይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ቀረች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የሐይቅ ዳር ልጅ መሆኗ እንቅልፍ ነሳኝ። «ወደብ የሌለው አገር ምን የመርከብ ወሬ ያወራል» የሚለውን ጨዋታ አቃቂ ውስጥ በየጠላ ቤቱ እንሰማለን፤ እኔም ራሴ ብዬዋለሁ። ግን አሜሪካኖች «ፍሪደም» የተባለችውን የጦር መርከባቸውን የሠሩት ከውቅያኖስ እጅግ ርቆ፣ በዊስኮንሰን ግዛት ማሪኔት ከተማ ነው። ጀርመን ውስጥ ፓፐንቡርግ ያለው ማየር ግዙፍ መርከቦቹን ገንብቶ በኤምስ ወንዝ አስጎትቶ ያወጣቸዋል። ባሕር የሚያስፈልገው መርከቡ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚያስፈልገው ላሜራ፣ እሳት፣ ክሬንና ስህተትን የሚያውቅ ዓይን ነው።

ጥር 13

ጥምቀት አልፎ ሥራ ጀመርን። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ውስጥ ሞዴል ክፍል ይሠራል፤ ከፋብሪካው በር ወጥቶ ሻይ ጠጣን። ብዙ የአካባቢው ሰው ይህን ፋብሪካ «መለዋወጫ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ሲቋቋም ስሙ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ነበርና። ማቅለጫ አለው፣ መቀጥቀጫ አለው፣ ትልልቅ ቶርኖዎች አሉት፣ ብረት በሙቀት የሚጠነክርበት ክፍል አለው። ለስኳርና ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሆን መለዋወጫ ይወጣበታል። በ2002 ዓ.ም. የመንግሥት የብረታ ብረት ኮርፖሬሽን የሆነው ሜቴክ ሲመሠረት ወደዚያ ተጠቃለለ፤ ሜቴክ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ሥር ሆነ።

«መልሕቅ ይወጣላችኋል?» አልኩት።

ሳቀ። «መልሕቅ እንኳ ቀላል ነው መምህር። ሞዴሉን ከእንጨት እሠራለሁ፣ አሸዋው ላይ ይታተማል፣ ይፈሳል። የመርከብ ገመድ ማሰሪያ፣ የፓምፕ ገላ፣ ቫልቭ፣ ይሄ ሁሉ የምናውቀው ሥራ ነው። ፕሮፔለር ካሉኝ ግን አስባለሁ።»

ልክ ነው። የዘመኑ ፕሮፔለር ብረት አይደለም፤ ኒኬልና አሉሚኒየም የገባበት ነሐስ ነው፣ ጨው እንዳይበላው። ሲፈስ ውስጡ አረፋ ከቀረበት ሲሽከረከር ይሰነጠቃል። የጦር መርከብ ከሆነ ደግሞ የምላሱ ቅርጽ ጥቂት ከተዛባ ውሃውን ያፈላዋል፣ ጩኸት ያወጣል፣ ጩኸቱን ደግሞ ከሩቅ ያለ ሰርጓጅ ይሰማዋል። የንግድ መርከብ ይጩህ፣ ማን ይሰማዋል! የባሕር ኃይል ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ይቀመጣል፤ ቧንቧው ግድግዳውን እንዳይነካ ይታገዳል፤ መርከቡን የብረት ሽታው እንዳያጋልጠው፣ ማለትም መግነጢሱ ፈንጂ እንዳይጠራበት፣ በውስጡ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠመጠምለታል። ራዳሩና መሣሪያው የዋጋውን ከባድ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ላሜራው ርካሹ ክፍል ነው። ይህን የነገርኳቸው ተማሪዎች ቅር አላቸው፤ መርከብ ማለት ብረቱ መስሏቸው ነበር።

ጥር 14

አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጣና ላይ፣ ዘጌ አጠገብ፣ በሰው እጅ የሚዞሩ ጎማዎች ያሏቸው ታላላቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው እንደነበር አነበብኩ። እንፋሎቱ የለም፣ ሐሳቡ አለ።

ጥር 21

ክፍል ውስጥ ጣናነሽ ሁለትን አነሳን። ይህች ጀልባ ከጅቡቲ ወደ ጣና በየብስ፣ በተሳቢ ላይ ተጭና ስትጓዝ አገር በቴሌቪዥን አይቷታል፤ እንደተነገረው ርዝመቷ 38 ሜትር፣ ክብደቷ 150 ቶን ነው። መንገድ እየተጠረገላት፣ የመብራት ሽቦ እየተነሳላት ሄደች። ተማሪዎቹ ተደመሙ። እኔ ግን አንዱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦ ለምን ሙሉዋን?

በአሁኑ ጊዜ መርከብ ከታችኛው ምሰሶው ጀምሮ ወደ ላይ አይገነባም። በኮምፒዩተር ተከፋፍሎ ይነደፋል፤ ላሜራው በፕላዝማ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል በጣሪያ ሥር ተገልብጦ ይበየዳል፣ ምክንያቱም በያጅ ወደ ታች ሲበይድ ወደ ላይ ከሚበይድ ይሻላል። ቧንቧና ገመዱ ክፍሉ ክፍት ሳለ ይገባል። ከዚያ ክፍሎቹ ይጋጠማሉ። ግብፅ ከፈረንሳዩ ናቫል ግሩፕ ጋር የተዋዋለቻቸውን ጎዊንድ ኮርቬቶች የመጀመሪያውን ሎሪያን ላይ አስገንብታ ቀሪዎቹን ሦስት እስክንድርያ ላይ ራሷ ገጣጥማለች።

የሚጓዘው ክፍሉ እንጂ መርከቡ መሆን የለበትም። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ታንጋኒካ ላይ ያለችው ሊየምባ እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያው ፓፐንቡርግ ተሠርታ፣ ተፈታታ፣ በ5,000 ሣጥን ታሽጋ በመርከብ ዳሬሰላም፣ ከዚያ በባቡር ኪጎማ ደርሳ ነው የተገጣጠመችው። ኬንያም በቅርቡ ኪሱሙ ላይ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ከሆላንዱ ዳመን ጋር ሆና ኡሁሩ ሁለትን ገንብታለች። የመርከብ መሥሪያው በመከላከያ ሚኒስቴሯ ሥር ያለ ድርጅት ነው፤ ሐይቅ ላይ ጀልባ እየሠራ ለባሕሩ እጁን ያፍታታል።

አንድ ልጅ እጁን አነሳ፦ «መምህር፣ ቦቴ ማለት እኮ አንድ ክፍል ነው።» ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ቦቴ በተሳቢ ስፋት የሚሠራ፣ ከቀጭን ላሜራ የተበየደ፣ በውስጡ ማዕበል ሰባሪ ግድግዳ ያለው፣ ማፍሰስ የማይፈቀድለት የብረት ሣጥን ነው። ቃሊቲ ይህን ሲሠራ ኖሯል።

የካቲት 2

የልጁን ሐሳብ ለባሕረኛው ነገርኳቸው። አልተደሰቱም።

«ቦቴ ቢጣመም ማን ያያል? በቀለም ይሸፈናል። የመርከብ ክፍል ሁለት ሚሊሜትር ከተጣመመ ጎረቤቱ አይገጥምለትም።» ቀጭን ላሜራ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፤ በያጁ ከመሐል ወደ ዳር እያፈራረቀ ካልሄደ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ከዚያ የላሜራው የትውልድ ወረቀት አለ። ሎይድስን የመሰለ መርማሪ ድርጅት እያንዳንዱ ላሜራ ከየትኛው ማቅለጫ እንደወጣ፣ በብርድ እንደማይሰበር የሚመሰክር ወረቀት ይፈልጋል፤ በያጁም የሙያ ወረቀት፣ መስመሩም ራጅ ያስፈልገዋል። አገር ውስጥ የሚንከባለለው ብረት በአብዛኛው የቤት መሥሪያ ፌሮ ነው። ወፍራም ላሜራ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ብየዳ ቤት የሚደርሰውም ወረቀቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው።

የካቲት 5

ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ በጋሪ አሮጌ በርሜል ሲጭን አየሁና «ዓባይ ወንዝ» እና «አንድነት» ትዝ አሉኝ። ሜቴክ እነዚህን ያረጁ መርከቦች ከመርከብ ድርጅቱ የገዛው ቆራርጦ ብረቱን ለማቅለጥ ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ተጠግነው ለጭነት እንዲሰማሩ መደረጋቸው በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ከወጡት የክስ ጉዳዮች አንዱ ሆነ። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፦ መርከብ ማፍረስም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያሰበ የለም። የቺታጎንግና የአላንግ ሠራተኞች መርከብ ሲያፈርሱ የመርከብን አጥንት ይማራሉ። አቃቂ ያሉ ማቅለጫዎች ለቁርጥራጭ ሲሻሙ፣ የእኛ ልጆች አንድም የመርከብ የጎድን አጥንት አልነኩም።

በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት 2011፣ ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። መርከብ መግዛት ይቻላል፤ ባሕረኛው እንደሚሉት ከሆነ ግን የገዛኸው መርከብ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ የሚጠይቅህ በያጅ ነው። ምጽዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የኖሩት አዲስ መርከብ ሳይሆን ዝገት መቁረጥና መለጠፍ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ነው፤ ጣና ላይ ቢጀመር የሚከለክል የለም።

የካቲት 9

የብየዳ ቤቱ ባለቤት መስመሩን ራጅ ማስነሳት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ቦቴ የሚያሠራኝ ሰው ይህን አይከፍለኝም፣ እኔም ከኪሴ አላወጣም» አለ። ትክክል ነው። የሚከፍል ደንበኛ በሌለበት ጥራት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ይሆናል፤ ባሕረኛው ሲቀሩ አብሮ ይቀራል።

ራጁ ቢቀር መታጠፊያውን እንሞክር ተባባልን። ሁለት ላሜራ ይበየዳል፤ ከመሐሉ ቀጭን ቁራጭ ይወጣል፤ ብየዳው መታጠፊያው ላይ እንዲውል ተደርጎ በሃይድሮሊክ ጃክ እንደ ዩ ፊደል ይታጠፋል። ሦስት ሚሊሜትር ያለፈ ስንጥቅ ከታየ ወድቋል። ወጣቶቹ ከሰዓት በኋላ ቁራጮቻቸውን አመጡ። ጥር 6 ላይ የወዛ ነጥብ የታየበት ልጅ አለፈ። ከሁሉ ይበልጣል የሚባለው፣ ደመወዙም ከሁሉ የሚበልጠው በያጅ ቁራጭ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ላሜራው ነው አለ፣ ከዚያ ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነበር አለ።

«ኤሌክትሮዱ እርጥብ ከነበረ ማድረቂያ ምድጃ ግዛለት» አሉ ባሕረኛው ወደ ባለቤቱ ዞረው። ዋጋ ላይ ተከራከሩ። ምድጃው በሚመጣው ሳምንት እንዲታይ፣ ቁራጩ የተሰነጠቀበት በያጅም ሰኞ እንደገና እንዲበይድ ተስማሙና ጃኩን አንስተው ወደ ቦቴው ተመለሱ።