ዕቃው ስለ ዘገየ ሻጩ ሌባ ነውን?



ውድ አንባብያን! ንግድ ድሮ ዐይን ለዐይን የሚተያዩ ሰዎች ጉዳይ ነበር። መርካቶ ወርዶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ ይዳስሳል፣ ብርሃን ላይ ይዘረጋዋል፣ በዋጋው ይከራከራል፤ ካልተስማማው ጥሎ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ጉድለት ቢያገኝበትም ሱቁን ያውቀዋልና በማግስቱ ተመልሶ ይሞግታል። ዛሬ ግን በየቤታችን ያሉ ወጣቶች ሱቅ ሳይከራዩ በእጅ ስልካቸው ይነግዳሉ። የዐባያውን ወይም የጫማውን ፎቶ በቴሌግራም ይለጥፋሉ፤ ገዢው ቀብድ ይልካል፤ ዕቃው ሲመጣ በሞተረኛ ቤቱ ድረስ ይደርሰዋል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህማ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። መተማመን ግን በደቂቃ አይገኝም።

ይህ ንግድ ለብዙ ቤተሰቦች የሐላል ሪዝቅ በር ከፍቷል። በተለይ ልጅ እያሳደጉ ከቤት መራቅ ለማይችሉ እህቶች ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በዚያው በር አታላዩም ገብቷል። የሌለውን ዕቃ ፎቶ ለጥፎ ቀብድ ከሰበሰበ በኋላ ስልኩን ዘግቶ የሚሰወር አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ያልከፈለውን እንደ ከፈለ የሚያስመስል የሐሰት ደረሰኝ ልኮ የምስኪኗን ሻጭ ዕቃ የሚወስድ ገዢም አለ። በዚህ ምክንያት ገዢውም ሻጩም እርስ በርሳቸው ይፈራራሉ፤ ትንሽ መዘግየት ሲፈጠርም «ሌባ!» የሚለው ቃል ከአፍ ለመውጣት ይቸኩላል።

እኛ ጠዋት በቀለም ት/ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምር እንደ መሆናችን እንዲህ ያለው ነገር በተማሪዎቻችን በኩል ይደርሰናል። ጠዋት «ቲቸር» ከሰዓት «ኡስታዝ» እያለች ከፊታችን ተቀምጣ ያደገች አንዲት ልጅ የደረሰባትን እዚህ እናነሳለን፤ ስሟንና ሰፈሯን ግን አንገልጽም።

ይህች ልጅ ከዱባይ ዐባያ እያስመጣች ትሸጥ ነበር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. አንዲት እህት ለእህቷ ሠርግ ሦስት ዐባያ አዝዛ ግማሹን ዋጋ 5,250 ብር ላከችላት። ቀኑ በቃል «ከሐምሌ መጨረሻ በፊት» ተባለ። ይሁን እንጂ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በነሐሴ ወር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገበያው ተደናገጠ፤ ዕቃ የሚያመጣላት ሰውም «በቀድሞው ዋጋ አልችልም» አላት። እርሷ ተጨማሪ ብር ስትጠይቅ ገዢዋ «በተነጋገርነው ዋጋ አምጪ» ብላ እንቢ አለች። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ፈራችና ስልክ ማንሳት አቆመች። ዘጠኝ ቀን ዝም አለች።

ገዢዋ በበኩሏ ሠርጉ ደረሰባት። በመጨረሻ የልጅቷን ፎቶ ከስልክ ቁጥሯ ጋር በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ «ተጠንቀቁ፣ አጭበርባሪ ናት» ከሚል ጽሑፍ ጋር አሰራጨች፤ ለፖሊስም አመለከተች። ልጅቷ ተይዛ አንድ ሌሊት በጣቢያ አደረች። ወላጅ እናቷ እያለቀሱ ሲጠሩን ሄደን የመታወቂያ ዋስ ሆነን ፈረምን።

በጣቢያው ግቢ ሁለቱንም አነጋገርናቸው። ገዢዋ «ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ስልኬን ታነሳ ነበር» አለች። ልጅቷ ደግሞ አቀርቅራ «ኡስታዝ፣ አንስቼ ምን ልበላት? የምነግራት ነገር አልነበረኝም» አለችን። ነገሩ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ንግግሮች ውስጥ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ልጅቷን ያዳናት ምን ነበር? ወረቀት ነው። ቀብዱን በተቀበለች በሦስተኛው ቀን ለዱባዩ ሱቅ የከፈለችበት ደረሰኝና ከአምጪው ጋር የተጻጻፈችው መልእክት በስልኳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መርማሪው ይህን ተመልክቶ ጉዳዩ የውል እንጂ የማታለል አለመሆኑን ነገራቸው። ከዚያም ሽማግሌዎች በገዢዋ አጎት ቤት አስቀመጡን። ሁለቱ ዐባያዎች መጥተው ስለ ነበር ገዢዋ በቀድሞው ዋጋ ወሰደቻቸው፤ የሦስተኛው ገንዘብ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ተመለሰላት። ፎቶውንም አጠፋችው። ይሁንና ሌሎች ቀድመው ወስደው አሰራጭተውት ነበር። ልጅቷን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ቤተሰቦችም «እስቲ ነገሩ ይጣራ» ብለው እንደ ቀሩ ቀሩ። 5,250 ብር ተመልሷል፤ ስም ግን በሽምግልና አይመለስም።

ውድ አንባብያን! ከዚህ ልናጤነው የሚገባን ዋና ነገር ውል ማፍረስና ማታለል አንድ አለመሆናቸውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የማታለል ወንጀልን ሲደነግግ፣ አድራጊው የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ፣ ሐሰት በመናገር፣ ያልሆነውን ነኝ በማለት ወይም መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ሌላውን አሳስቶ በንብረቱ ላይ ጉዳት ማድረሱን ይመለከታል። ቅጣቱም እንደ ነገሩ ክብደት ከቀላል እስራት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ዕቃው ዘገየ ወይስ አልዘገየም?» አይደለም፤ «ገንዘቡን በተቀበለ ጊዜ ሐሳቡ ምን ነበር?» የሚለው ነው። ሐሳብን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ዳኛ ግን የሚያየው ሰነድና ምስክር ነው።

መዘግየት ብቻ ከሆነ መንገዱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በመርሕ ደረጃ ገዢው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት፣ ለጉዳቱም ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በስልክ የተጻጻፍነው መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም። ፎቶ ለጥፎ «ሌባ» ማለትም ያለ ተጠያቂነት የሚታለፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር ሥርዓት የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር ማሰራጨትን ተበዳዩ ሲያመለክት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል።

ሸሪዓችንም ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ሐኪም ኢብን ሒዛም የተባሉት ሶሐባ፣ ሰው እርሳቸው ዘንድ የሌለውን ዕቃ ሲጠይቃቸው ሸጠውለት ከዚያ ከገበያ ገዝተው ቢሰጡት እንዴት እንደ ሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው እንደ ነበር፣ ነቢዩም እጃቸው ላይ የሌለውን እንዳይሸጡ እንደ ከለከሏቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ልብ በሉ! ዛሬ በስልክ የሚነግዱ ብዙ ወጣቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መዲና ሰዎች ለቴምር ዋጋ አስቀድመው ይከፍሉ በነበረበት ጊዜ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጠኑ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ እንጂ አልከለከሉም። ይህ «ሰለም» ይባላል፤ ብዙኃኑ ዑለማእ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ እንዲከፈል ይሻሉ። ገንዘቡ ግማሽ ብቻ ከተከፈለ፣ ቀኑም ዋጋውም በአፍ ከተንጠለጠለ ጠብ የሚወለደው ከዚያ ነው።

ሌላም ቀና መንገድ አለ፤ ውክልና ነው። ሻጩ «እኔ ለአንቺ ገዝቼ የማመጣልሽ ወኪልሽ ነኝ፤ ለድካሜ ይህን ያህል እወስዳለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር። ዋጋው ቢጨምር ገዢዋ ትወስናለች፤ ካልፈለገች ገንዘቧ ይመለሳል። ልጃችን ከመጀመሪያው እንዲህ ተነጋግራ ቢሆን ኖሮ የምንዛሬው መናር ጣቢያ ባላደረሳት ነበር። የራሱን ጉዳይ በዝርዝር ማወቅ የሚሻ በአቅራቢያው ያሉትን ዑለማእ ይጠይቅ።

እንግዲህ ለሚነግዱ ወንድሞችና እህቶች የምንመክረው ይህን ነው። ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ የመድረሻ ቀኑንና ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ጽፋችሁ ላኩ፤ ገዢውም «ተስማምቻለሁ» ብሎ ይጻፍላችሁ። የደንበኛን ቀብድ ለቤት ወጪ አታውሉት፤ እጃችሁ ላይ ያለ አማና ነው። የደረሰኝ ፎቶ አይታችሁ ሳይሆን ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን አይታችሁ ዕቃ አስረክቡ። ከሁሉም በላይ ስልክ አትዝጉ። «አልመጣም፤ ይኸው ምክንያቱ፤ ገንዘብሽን በዚህ ቀን እመልሳለሁ» የሚል መጥፎ ዜና ከዘጠኝ ቀን ዝምታ ይሻላል። ባለ ዕዳን ሌባ የሚያስመስለው ዝምታው ነውና።

ለሚገዙም እንላለን፦ የማታውቁት ሻጭ ዘንድ ቀብዳችሁን አሳንሱ፤ አድራሻውን ጠይቁ፤ ሲዘገይ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስጠንቅቁ። ተታለልን ብላችሁ በእርግጥ ካመናችሁ ወደ ፖሊስ መሄድ መብታችሁ ነው፤ ሌላውንም ከጉዳት ታድናላችሁ። ነገር ግን ክሱን ለሚመረምረው አካል አቅርቡት እንጂ ፎቶ ለጥፋችሁ በሕዝብ ፊት አትፍረዱ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ሳናጣራ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የምትናገር ናት። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። የተጻፈ ነገር ለገዢው ገንዘቡን፣ ለሻጩ ስሙን ይጠብቅለታል፤ በመካከላቸው ያለውንም ወንድማማችነት ያቆያል።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን በረካ ያድርግልን፤ አንደበታችንንም ከሰው ክብር ይጠብቅልን። ኣሚን! ወላሁ አዕለም።