«ሻይ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ መማር ከጀመርሁ ወዲህ እንደ «ሻይ» ያሳቀኝም ያሳፈረኝም ቃል የለም። ይህ ሻይ በስኳር የምንጠጣው አይደለም፤ በሰው ፊት መናገር የሚጨንቀውን፣ እኛ ዐይነ አፋር የምንለውን ሰው የሚገልጽ ቅጽል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ምንባብ እንዳነብ አስነሡኝ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፄም ጠፋ። ጓደኞቼ ሣቁ፤ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» እንደሚባለው የባሰ ተሸበርሁ። መምህሩ ምክንያቱን ቢጠይቁኝ «አፍራለሁ» ለማለት አስቤ «አይ አም አሼምድ» አልሁ። እርሳቸውም «ምን ጥፋት አጠፋህ?» አሉኝ። ምንም አላጠፋሁምና መልስ አጣሁ።

ከትምህርት በኋላ ጠርተው አስረዱኝ። በአማርኛ «አፈረ» የሚለው ግስ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሌባ ሲያዝ ያፍራል፤ ሕፃንም እንግዳ ሲያይ ያፍራል። በእንግሊዝኛ ግን ሌባው «አሼምድ»፣ ሕፃኑ «ሻይ» ይባላል። የመጀመሪያው ስለ ሠሩት በደል የሚሰማ ኀፍረት ሲሆን፣ ሁለተኛው በደል የሌለበት ፍርሃት ነው። ደግሞም «ሻይ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ በቀላሉ ለሚደነግጥ ፈረስ ይነገር ነበር፤ ዛሬም ፈረስ ሲደነብር ይኸው ቃል ግስ ሆኖ ይነገርለታል።

ይህን ስሰማ ከልቤ ላይ ሸክም ወረደልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዬን እንደ ኃጢአት እቈጥረው ነበርና። የደነበረ ፈረስ ክፉ አይደለም፤ ቢገርፉት ይብስበታል፤ አንገቱን እየደባበሱ ወደ ፈራው ነገር ቀስ በቀስ ቢያቀርቡት ግን ይለምዳል። መምህሬም እንዲሁ አደረጉልኝ፤ በመጀመሪያ አንድ መስመር፣ በሳምንቱ ሁለት፣ በኋላም ሙሉ ገጽ አስነበቡኝ። ዛሬም ስነሣ ልቤ ይመታል፤ ነገር ግን አነባለሁ።

በቤታችን ታላቅ ሲናገር ዐይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ እርሱን አንጣለው። ነገር ግን የሚያውቀውን መልስ ፈርቶ የሚውጥ ተማሪ ዕውቀቱን ለራሱም ለሌላውም ሳይጠቅምበት ይቀራል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ጓደኛችሁ ተነሥቶ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ አትሣቁበት። ወላጆችም ልጃችሁ ከእንግዳ ፊት ሲሸሸግ አትቈጡት። እርሱ «ሻይ» ነው እንጂ «አሼምድ» አይደለምና።