የተደበቀው ቅጽ

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ከልጃችን ደብተር ውስጥ ስላገኘነው አንድ ወረቀት ነው።

የምንኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ልጃችን ከመድረሳ እንደተመለሰች ትምህርቷን ልናይ ደብተሯን ገለጥን። በመካከሉ የፈረስ ትርኢት መመዝገቢያ ቅጽ ተጣጥፎ አገኘን። ስሟንና ዕድሜዋን ሞልታለች፤ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። በጀርባው በእርሳስ የተሠራ ድምር አለ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልፍ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ልጅቷ ቅጹን የደበቀችው አጥፍታ አልነበረም። ሒሳቡን አስልታ ለእኛ አዝና ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለወላጆቿ ኪስ ተጨንቃ ምኞቷን ስትደብቅ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

«ለመሆኑ የእኛን ልጆች ከፈረስ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ያደግነው ወሎ ገጠር ነው። አባታችን አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ሰርግ ሲደርስ አስጊጠው ለጉግስ ይዘውት ይወጡ ነበር። ጉግስ ለመግባት የሚሞላ ቅጽ አልነበረም፤ ፈረስና ኮርቻ ያለው ሁሉ ይገባል። የፈረሱም ቀለብ የደጁ ሣርና የማሳው ገብስ ነበር። ለንደን ከመጣን በኋላ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንድ የበጎ አድራጎት የፈረስ ማሠልጠኛ እንድንሄድ ያደረገን ይኸው ትዝታ ነው። እዚያ ልጆች በረት እየጠረጉ፣ ፈረስ እያጠቡ በአነስተኛ ክፍያ ግልቢያ ይማራሉ።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) ኸዲጃ መላህ የተባለች የ18 ዓመት ሙስሊም ወጣት ሒጃቧን እንደለበሰች ጉድውድ በተባለው ሜዳ በማግኖሊያ ዋንጫ የፈረስ እሽቅድምድም አሸነፈች። እሷም ግልቢያ የተማረችው በደቡብ ለንደን፣ ብሪክስተን በሚገኝ የበጎ አድራጎት ማሠልጠኛ ነው። ያኔ ልጃችን ትንሽ ብትሆንም ስሟን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር በጋ ሲመጣ በየገጠሩ የፈረስ ትርኢት ይደረጋል። ትርኢት እንደ እሽቅድምድም በፍጥነት ብቻ የሚለይ አይደለም። ዳኛው የፈረሱን አረማመድና ጠባይ፣ የጋላቢውንም አቀማመጥ ይመለከታል። ልጆች የሚቀርቡት ፖኒ በሚባሉ፣ ቁመታቸው ከ148 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ፈረሶች ነው።

ታላቅ ወንድሟ በ2019 በዚሁ ትርኢት ሁለት ውድድር ሲገባ፣ ለእያንዳንዱ 8 ፓውንድ፣ ለአምቡላንስ 2፣ ለፖኒው የቀን ኪራይ 25፣ ፖኒውን ለሚጭነው ተጎታች 12፣ በድምሩ 55 ፓውንድ ከፍለን ነበር። የልጅቷ ሒሳብ ግን እንዲህ ይላል፤ ሁለት ውድድር በ14 ሒሳብ 28፣ ለአምቡላንስ 4፣ ለኪራይ 44፣ ለተጎታች 26፤ በድምሩ 102 ፓውንድ። ኮትና ቦት ጫማው ገና አልተጨመረም።

ዋጋው ለምን ናረ? አዘጋጆቹን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ለሜዳ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለዳኞችና ለሕክምና ባለሙያዎች ይከፍላሉ። ዋጋ ሲጨምር ተወዳዳሪ ይቀንሳል፤ ተወዳዳሪ ሲቀንስ ደግሞ ወጪው በቀሪዎቹ ላይ ስለሚከፋፈል ዋጋ ይጨምራል። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ነዳጅና መኖ ተወደደ፤ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋም ወደ 2 ፓውንድ ተጠጋ። በዚያው በጋ የወረደው ድርቅ ግጦሹን አደረቀው። ፈረስ ደግሞ ውድድር ኖረም አልኖረም ይበላል፤ ክትባት ይፈልጋል፤ በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ሰኮናው ይስተካከላል። በትልልቆቹ ትርኢቶች የማኅበር አባልነት ክፍያም ይታከላል። እንግዲህ በቅጹ ላይ የሚታየው ዋጋ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ ለምን እንደሚውል መጠየቅም ተገቢ ነው። በመድረሳ እንደተማርነው፣ በፈረስ ውድድር ሽልማቱን የሚሰጠው ከተወዳዳሪዎች ውጭ የሆነ ሰው ከሆነ ይፈቀዳል። ተወዳዳሪዎቹ ያዋጡትን ገንዘብ አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስድ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ከቁማር ይቆጥሩታል። ስለዚህ አዘጋጆቹን ጠየቅን። ክፍያው ለዝግጅቱ ወጪ እንደሚውል፣ ሽልማቱም ሪባን ብቻ እንደሆነ ነገሩን።

ሌላም ነገር ትዝ አለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ፈረሶችን ሲያወዳድሩ ለሠለጠኑት ረጅሙን፣ ላልሠለጠኑት አጭሩን ርቀት እንደመደቡ በሐዲስ ተዘግቧል። ያልሠለጠነው ፈረስ አትመጥንም ተብሎ አልተባረረም፤ አቅሙን የሚመጥን መንገድ ተሰጠው። ዛሬ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከሜዳው የሚወጡት ግልቢያ የማይችሉት ሳይሆኑ ኪሳቸው የሳሳው ናቸው። ለእነርሱ አጭሩን መንገድ ማን ይመድብላቸው?

ያን ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ልጃችንን ጠርተን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። አቀረቀረች። አልተቆጣናትም። የወር ደመወዛችንን፣ የቤት ኪራያችንን፣ ወሎ ላሉት እናታችን የምንልከውንም ሳይቀር ነገርናት። «ሁለቱን አንችልም፤ አንዱን ግን አብረን እንሞክር» አልናት። እሷም ፖኒውንና ተጎታቹን ከጓደኛዋ ጋር ለመጋራት ሐሳብ አቀረበች። አዘጋጆቹ ለሚያግዛቸው ቤተሰብ የአንድ ውድድር ክፍያ እንደሚተዉ ስንሰማ፣ እኛ ከንጋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ልናገለግል ተስማማን። ኮቱ የወንድሟ ነበር፤ እጅጌው ስለረዘመ አጠፍነው። በመጨረሻ የከፈልነው 39 ፓውንድ ሆነ።

ከስምንት ልጆች አራተኛ ወጣች፤ አልሐምዱሊላህ። ከፖኒው ወርዳ መጀመሪያ የጠየቀችን ግን ስለ ሪባኑ አልነበረም። «ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ ስንት ማጠራቀም አለብኝ?» አለችን።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን የማናውቀውን ሒሳብ ብቻቸውን እየሠሩ እንዳይሆን ደብተራቸውን ብቻ ሳይሆን ልባቸውንም እንጠይቅ። «የለንም» ማለት ነውር አይደለም፤ ልጁ ሳይጠይቀን ራሱ «የላቸውም» ብሎ ሲደብቀን ግን አንድ ነገር ጎድሎብናል። ልጆች ሆይ! እናንተም ቅጹን አትደብቁ። አምጡትና አብረን እንደምረው።

ወላሁ አዕለም።