የአባቴ መስቀሎች

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ቤታችን ጣራ ገዳም ግርጌ ነበረ። ሰው ጠገራ ብር ይዞ ይመጣል። «ጉትቻ ሥራልኝ፤ መስቀል ሥራልኝ» ይላል። እኔ ወናፍ እነፋለሁ። ብሩ በከሰል እሳት ይቀልጣል። አባቴ ይቀጠቅጠዋል፤ እንደ ክር አቅጥኖ ይጠመዝዘዋል። ቅርጹን የሚያወጣው ከራሱ ነው። እናቴ ደግሞ ቆዳ አልፍታ አገልግል ትለብድ ነበር።

ሥራቸውን ሰው ሁሉ ይወደዋል። እነሱን ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። የአባቴን መስቀል ያሰረ ሰው በቤታችን ዋንጫ ጠላ አይጠጣም ነበር። ይህ ዛሬም ያመኛል።

ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ቤት የቀረ አንድ ጠገራ ብር አየሁ። 1780 ይላል። የፈረንጅ ዓመት ነው። መልኩ የማሪያ ቴሬዛ ነው፤ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። በዚያው ዓመት ሞተች። ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ተሠራ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ስሟ በብሩ ዙሪያ ተጽፏል።

አባቴ ያን ብር አቅልጦ መስቀል ሲያደርገው የራሱን ስም አልጻፈበትም። ፊደል አያውቅም ነበር።

ወገኔ ሆይ! ወረታ ገበያ ጉትቻ ስትገዛ የሠሪውን ስም ጠይቅ። ስሙንም ጻፈው። በአንድ ዋንጫም አብረኸው ጠጣ። ሠርቶ ማደር ክብር ነው።