የአበባ ወራት በዶርዜ

አገሩን ያላየ ሰው የገዛ ቤቱን ጓዳ እንዳልጎበኘ ባለቤት ይቆጠራል። እኛም ይህን በማሰብ፥ ክረምቱ ወጥቶ ሊቃውንቱ መፀው የሚሉት የአበባ ወራት በገባ ጊዜ፥ ከመሥሪያ ቤታችን የዓመት ዕረፍት ወስደን ወደ ጋሞ ደጋ ተጓዝን።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ወደ ኋላ ዘወር ሲሉ የዓባያና የጫሞ ሐይቆች፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተረተር ይታያል። ሽቅብ በወጣን መጠን የቆላው ሙቀት እየራቀ ሄዶ ጉምና ብርድ ተቀበሉን። ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ ከአርባ ምንጭ በፊትም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ዶርዜ የምትገኘው ከዚያ ሳይደርሱ ነው።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ በእንሰት ልባስ የሚከደን ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ መልኩም የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር የተበላው ስለሚወገድ፥ ቤቱም እንደ ሰው ሲያረጅ እያጠረ ይሄዳል።

ያሳደሩን ሽማግሌ ብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። ባለቤታቸው እንሰቱን ፍቀው፥ በጉድጓድ ቀብረው ያቦኩትን ቆጮ በቅጠል መካከል ጋግረው ከማርና ከዳጣ ጋራ አቀረቡልን። እንጀራ ብቻ የለመደው አፋችን መጀመሪያ አመነታ፤ ኋላ ግን ሌላ እንዲጨመርልን እስከ መለመን ደረስን።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ከሸማ ጉድጓዳቸው ገብተው መወርወሪያውን ያመላልሱ ጀመር። በቀይ፥ በቢጫና በጥቍር የደመቀው ዱንጉዛ ከእጃቸው ሥር ጣት በጣት ሲወለድ በመደነቅ ተመለከትን። ድንገት ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ የለበስከውን ጋቢ ማን ሠራው?» አሉን።

«ከገበያ የገዛሁት ነው፥ አባባ» አልን።

«ገበያ ይሸጣል እንጂ አይሸምንም» አሉና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሠሪውን አላውቀውም፤ እጁ ግን የተማረ እጅ ነው።»

ይህን ጊዜ ልጅነታችን ትዝ አለን። በሰፈራችን አንድ ሸማኔ ነበሩ። እኛ ሕፃናቱ፥ ከታላላቆቻችን እንደ ሰማነው፥ «ቍጢት በጣሽ!» እያልን ከደጃቸው እንሮጥ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በጨረስን ዕለት እናታችን ያለበሱን ነጠላ የእርሳቸው ሥራ ነበር። በርሱ ደምቀን በደጃቸው ስናልፍ፥ ቆመው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉን፤ እኛ ግን ባልንጀሮቻችን እንዳያዩን ፈርተን ሰላምታቸውን ሳንመልስ አለፍን።

ይህን ሳንሸሽግ ለሽማግሌው ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «እኔንም በአዲስ አበባ ብዙ ሰው እንዲሁ ጠርቶኛል» አሉ። ቍጣ አልነበረባቸውም፤ እኛን ያሳፈረን ይኸው ነው።

ማታ ቦርዴ ሲቀርብልን የተቀዳበትን እንስራ አድንቀን፥ ማን እንደ ሠራው ጠየቅን። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «እነርሱ ሌሎች ናቸው፤ ከእኛ ጋራ አይጋቡም» አሉ። በጋሞም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው እንደ ተናቁ ኖረዋልና ነገሩ ከልማዱ የመጣ ነው። እኛ ግን የተናቀው ሰው ደግሞ የሚንቀው ሰው ማግኘቱን አይተን አዘንን። ሽማግሌውም የገባቸው ይመስላል፤ እንስራውን ጥቂት አዩና፥ «እውነትም፥ ያለ እርሷ በምን እንጠጣ ነበር?» አሉ።

በማግሥቱ ጉሙ ሳይገፈፍ ተሰናብተን ወረድን። በመንገድ ላይ የሰፈራችንን ሸማኔ ፈልገን ይቅርታ ለመጠየቅ አሰብን፤ ግን ማን ብለን እንጠይቅ? ስማቸውን ከቶ አናውቅም፤ በስድብ ብቻ ስንጠራቸው ኖረናልና።

አንባቢ ሆይ፥ በበዓል ቀን የምትደምቅበትን ልብስ የሠራልህን ሰው ስሙን ታውቀዋለህን? ካላወቅኸው፥ እኛ ዘግይተናልና፥ አንተ ሳትዘገይ ጠይቀው።